በእኔ ሻርፕ የተነሳችው ፎቶ

ሰኞ 4

ይህን ደብተር ያገኘሁት አንደኛ ወጥቼ ነው። ከሁሉም በፊት ይህ ይጻፍ።

በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ፣ ከሥራ በኋላ ፊደል የቆጠርነው አሥራ አንድ ሴቶች ነን፤ ሁላችንም ጠመንጃ ከምንፈትሽበት ክፍል፣ ሁላችንም የሸበትን። አንደኛ እኔ ወጣሁ። ታናሽ እህቴ ሰባተኛ። ሽልማቱ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ሽፋኑ ላይ የፋብሪካው አርማ አለ፤ ሁለት ጠመንጃ ተጠላልፎ፣ ከሥሩ «ለማኅበረሰባችን» ይላል። አስተማሪዋ የፋብሪካው የበጎ አድራጎት ክፍል ሠራተኛ ናት፣ ገና ልጅ። «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ፣ ከላይ ቀኑን ያስቀምጡ፣ እጅዎ ይፍታታል» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት መዶሻ የያዘ እጅ ምን ይፍታታል።

ዛሬ የምጽፈው ግን ሌላ ነው። በጎ አድራጎት ክፍሉ ለሰፈሩ ክሊኒክ አሠርቷል። ቅዳሜ 16 ይመረቃል። ፊደል ከቆጠርነው አንዳችን ፎቶ ተነሥታ በየግድግዳው ትለጠፋለች፤ በምረቃውም ቀን ንግግር ታነባለች። አስተማሪዋ የተመረጠችውን ልትጠራ ስትቆም ቀሚሴን አስተካክዬ ተነሣሁ። ግማሽ ላይ ስደርስ የጠራችው እህቴን ነው።

ግማሽ ተነሥቶ ተመልሶ መቀመጥ ከባድ ነው። ጉልበቴን ያመመኝ መስዬ አሸሁት።

«እንኳን ደስ አለሽ» ብያታለሁ። ሴቶቹ ሁሉ ሰምተዋል።

ረቡዕ 6

ንግግሩን ቤት ውስጥ ታጠናለች። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ እኔ፣ እሷና ነርስ የሆነችው ልጇ። የትም ብሸሽ ይሰማኛል።

«አርባ ዓመት በጨለማ ኖርኩ» ይላል ወረቀቱ። የጻፈችው አስተማሪዋ ናት። የምን ጨለማ? እናታችን ስትሞት እሷ ሁለት ዓመቷ፣ እኔ ዘጠኝ። አዝዬ ያሳደግኋት እኔ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ይዤ በቀዳዳ ያየሁ እኔ። ጨለማው የማን እንደነበር ወረቀቱ አያውቅም።

«ማኅበረሰባዊ ኃላፊነት» የሚለው ላይ ሦስት ጊዜ ተሰናከለች።

«እትዬ፣ እስኪ ይቺን አንብቢልኝ።»

በአንድ ትንፋሽ አነበብኩላት።

«አየሽ፣ የሚገባውስ ለአንቺ ነበር» አለች።

ይህን ስትል እንዴት እንደምታናድድ አታውቅም። ወይም ታውቃለች።

ዓርብ 8

ዛሬ ብዙ አለኝ።

እህቴ ፎቶ ልትነሣ ስትወጣ ሰማያዊ ሻርፔን ተዋሰችኝ። ሰጠኋት። ሌሎቹን ሴቶች ፎርማኑ «ክሊኒኩን አጽዱ» ብሎ በመኪና ሰደዳቸው። ፉጨት ነው የምንለው፤ አንድ ነገር ሲደብቅ ያፏጫል። እኔን በጉልበቴ ምክንያት ብቻዬን አስቀረኝ።

የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። ጠመንጃው ሰደፉ ሳይገጠምለት ይመጣል። ስንጥቅ እንዳለው እናያለን፣ በጣት እንዳስሳለን፤ ደኅና ከሆነ መለያ ቁጥሩን በብረት ማኅተም እንመታለን። ከዚያ ሰደፉ በሚሸፍነው ቦታ እያንዳንዳችን የየራሳችንን ምልክት እንመታለን። ስማችንን መጻፍ የማንችል በነበርን ጊዜ የተጀመረ ነው። የእኔ ሦስት ነጥብ፣ የእህቴ ግማሽ ጨረቃ። አለቆቹ ስለ ቁጥሩ እንጂ ስለ ምልክታችን ደንታ የላቸውም፤ እንጨቱ ሲገጠም አይታይም። ጓደኛሽ ከቀረች ድርሻዋን ትሠሪላትና በእሷ ምልክት ትመቺላታለሽ። ልማዳችን ነው።

ፉጨት መጣና «እማማ፣ ዛሬ የሚመጡት ቁጥር አይመታባቸውም። ፈትሸው ብቻ ያሳልፉ» አለኝ።

«ቁጥር የሌለው ጠመንጃ ከዚህ ክፍል ወጥቶ አያውቅም።»

«ለማሳያ ነው። መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ።»

«መቶ ሃያው?»

«እርስዎ ደግሞ መቁጠር ጀመሩ!» ሳቀና ማፏጨቱን ቀጠለ።

የፋብሪካው አናጢ የሠራቸው ረጃጅም ሣጥኖች በሩ አጠገብ ተደርድረዋል። ሰደፋቸው ተገጥሞ የተመለሱትን ጠመንጃዎች ፉጨት እየከተተ፣ ሣጥኖቹን እዚያው ፊቴ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ያሽጋቸዋል። ሠላሳ ዓመት ያውቀኛል፤ በጣቴ የምፈርም ሴት እንደሆንኩ ያውቃል። ማታ ማታ በምግብ አዳራሹ ምን ስንሠራ እንደከረምን አንድ ቀን ብቅ ብሎ አላየም። ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አነበብኩት፦ «የበጎ አድራጎት ስጦታ። የትምህርት ቤት ወንበር።» አሥራ ሁለት ሣጥን። በበጎ አድራጎቱ መኪና ተጭኖ ሄደ። ነጂው «ወደ ምርጫው ዕጩ ቢሮ ነው አይደል?» ሲል ፉጨት ጸጥ በል ብሎ በዓይኑ አሳየው።

ለእጅ ማፍታቻ ብዬ ሁሉንም በዚህ ገጽ ጀርባ ገልብጬዋለሁ፤ ወረቀቱ የሚለውን፣ የሣጥኑን ብዛት፣ የመኪናውን ሰሌዳ።

ጠመንጃዎቹን ከማሳለፌ በፊት ግን፣ የማንን ምልክት ልምታ? እጄ ወደ ሦስቱ ነጥብ ሄደ፣ ተመለሰ። የእህቴ ማኅተም ያለበት መሳቢያ ቁልፍ እኔ ጋ አለ። ፎቶ ስትነሣ ውላ ድርሻዋ ጎዶሎ እንዳይሆንባት ብዬ ነው። መቶ ሃያ ግማሽ ጨረቃ መታሁላት። ቁጥር ለሌለው ዕቃ ድርሻ እንደማይያዝ ያሰብኩት ወደ ቤት ስመለስ ነው።

ማታ ፊቷን ዱቄት ተቀብታ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ የመብራቱ ብርሃን ነው አለች። ሙሽራ መስላለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። «እትዬ፣ ብቻሽን ሥራ በዛብሽ?» አለችኝ። ዛሬ ብትሞት የማላለቅስ መሰለኝ።

የመጨረሻዋን መስመር ሰርዣለሁ። ግን ይነበባል።

ማክሰኞ 12

ተለጥፋለች። ዳቦ ቤቱ ላይ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ። የመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ሳይቀር።

ሻርፔ በከተማው ሁሉ ላይ ተለጥፏል። ከላዩ የእሷ ፊት አለ።

ሻርፑን የገዛሁት አናጢው አንድ ጊዜ «ሰማያዊ ያምርብዎታል» ብሎኝ ነው። ያኔ ሁለታችንም ወጣቶች ነበርን፤ ረስቶታል። እኔም ረስቼዋለሁ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ፎቶዋ ፊት ቆሞ አገኘሁት።

«እህትዎ እንዴት አምራለች» አለኝ።

«ሻርፑ የእኔ ነው» አልኩት።

«እንዴ!» አለና እንደገና ፎቶውን አየ። እኔን አይደለም።

ሐሙስ 14

አውቶቡስ ስጠብቅ ሁለት ሴቶች በፖስተሩ ምክንያት ሲከራከሩ ሰማሁ።

«እነሱ ክሊኒክ ባያሠሩ የት ልትወልጂ ነበር?»

«ለምን አሁን አሠሩት? ምርጫው ሲደርስ? አምቡላንሱን አላየሽም፣ ብርቱካንማ ቀለም ቀብተውታል። የማን ቀለም ነው? የዕጩው።»

«ቀለሙ ላይ ልትታከሚ ነው? ልጅሽ መነጽር ያገኘው ከማን ነው?»

«ከእነሱ ነው፤ መቼ ካድሁ? አሁን ጠመንጃቸውን ከሩቅ ያየዋል።»

ሳቁ። እኔም ልስቅ ስል አንደኛዋ ወደ ፖስተሩ ጠቁማ «ይህቺ ግን የደግ ሰው ፊት አላት» አለች። ሌላዋም «እውነትሽን ነው» አለች። በዚህ ተስማሙ።

በመሣሪያው አልተስማሙም፤ በዕጩው አልተስማሙም፤ በእህቴ ተስማሙ።

ቅዳሜ 16

ተመረቀ።

እውነቱን ልጻፍ፣ ክሊኒኩ ያምራል። ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው አዲስ። የእህቴ ልጅ እዚያው በነርስነት ተቀጥራለች። ጉልበቴን የሚያይ ሐኪም ሰኞ ይገባል። ስለዚህ ፋብሪካውን እንዳልረገምኩ ይታወቅ።

ዕጩው ሪባን ቆረጠ። የፋብሪካው ባለቤት ከጎኑ፣ ትከሻ ለትከሻ። ብርቱካንማ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ ያሰሩ ጎረምሶች በሩን ሞልተውታል። ዕጩው «እኔና ይህ ፋብሪካ አንድ ቤተሰብ ነን» አለ። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ እሷ ወጣች። «ማኅበረሰባዊ ኃላፊነት» ላይ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ትሰናከል ብዬ ይሁን አትሰናከል ብዬ አላውቅም። ተሰናከለች። ቀና ብላ ሳቀችና «ይቅርታ፣ ይህቺ ቃል ከጠመንጃም ትከብዳለች» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ሳልሰናከል አንብቤው ቢሆን ኖሮ ማንም አይስቅ፣ ማንም አያጨበጭብ።

ቦርሳዋን ይዤ ቆሜ ነበር። አዲሱ ጫማዋ ስለጠበባት አውልቃ ሌላ አድርጋ ነበር፤ ያንንም እኔው ያዝኩላት። አንድ ፎቶ አንሺ «እማማ፣ ትንሽ ዘወር ይበሉልኝ» አለኝ።

ማክሰኞ 19

ሩጫ ላይ ነኝ። ምሳ ሰዓት ነው።

የተቀናቃኙ ስብሰባ ላይ ተኩስ ነበር ትናንት። ብርቱካንማ ያሰሩት ናቸው ይባላል። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩ ሞቷል፤ ጠዋት ጠዋት «እትዬ ቁጡ፣ ዛሬስ ፈገግ አትይም?» የሚለኝ። ዳቦ ሻጯ ጭኗን ተመትታለች። የአዲሱ ክሊኒክ የመጀመሪያ በሽተኛ እሷ ሆነች። የእህቴ ልጅ ቀሚሷ በደም ርሶ መጣች።

ሕዝቡ ሁለት ጠመንጃ ቀምቶ ለፖሊስ ሰጥቷል።

የማን ጠመንጃ ይሆን። ጠመንጃ ሞልቷል። ከየትም ሊመጣ ይችላል።

ሐሙስ 21

ሴቶቹ «ጋዜጣውን አንብቢልን፣ አንቺ ነሽ አንደኛችን» አሉኝ። ደስ አለኝ። በምግብ አዳራሹ ቆሜ አነበብኩ፤ ሁሉም ማንኪያውን አስቀምጦ አዳመጠኝ። እህቴም።

«የተያዙት ሁለት ጠመንጃዎች መለያ ቁጥር የላቸውም። በመሆኑም መቼ እንደተሠሩ ማወቅ አልተቻለም። ሰደፋቸው ሲፈታ ግን ከሥሩ ትንሽ ምልክት ተገኝቷል...»

ቆምኩ።

«ቀጥይ እንጂ!»

«ፊደሉ ደብዝዟል» አልኳቸው።

እህቴ ቀስ ብላ ጋዜጣውን ከእጄ ወሰደች። በጣቷ እየተከተለች፣ እየተንተባተበች፣ ራሷ አነበበችው። «የግማሽ... ጨረቃ... ቅርጽ... ያለው።»

ማንም ሾርባውን አልጨረሰም።

ከታች የፋብሪካው መግለጫ አለ። ጠመንጃዎቹ ሠራተኛ ሰርቆ ያወጣቸው ናቸው ይላል። ፋብሪካው ከማንም ፖለቲከኛ ጋር የመሣሪያ ግንኙነት የለውም ይላል።

ዓርብ 22

ፉጨት ከሁለት ፖሊስ ጋር መጣ። አያፏጭም።

«ግማሽ ጨረቃ የማን ናት?»

ተነሣሁ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ከወንበሬ ግማሽ ድረስ ተነሥቼ ነበር። ጉልበቴ ያዘኝ።

«የእኔ ነው» አለች እህቴ። መሐረቧን አጥፋ ኪሷ ከተተች፣ መብራቷን አጠፋች፣ መሳቢያዋን ዘጋች። ሳታየኝ አለፈች።

ወሰዷት።

እሑድ 24

ጣቢያው በር ላይ ሰልፍ አለ። ሁሉም እሷን ሊጠይቅ የመጣ። የክፍላችን ሴቶች፣ ጎረቤቶች፣ አናጢው በሁለት እጁ ዳቦ ታቅፎ፣ የሟቹ ትኬት ቆራጭ እናት ሳትቀር። «ይህቺ ሴት እንዲህ አታደርግም፣ ፊቷ ላይ ያስታውቃል» ትላለች እናትየው። እኔ ብታሰር ሰልፍ የሚሰለፍልኝ ማን ነው? የእህቴ ልጅ ትመጣ ይሆናል፤ እናቷ ከላከቻት።

በፍርግርግ መሃል አስገናኙን። ከስታለች።

«ጉልበትሽ እንዴት ሆነ እትዬ? ሐኪሙ አየሽ?»

«ጉልበቴን ተይው። ለምን ዝም ትያቸዋለሽ? አልመታሁም በያቸው።»

«ብያቸዋለሁ። ምልክቱ የእኔ ነው፣ የመታሁት ግን እኔ አይደለሁም አልኳቸው። ታዲያ ማን ነው አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

ዞር ብላ ፖሊሷን አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከሥራ ቦታዬ የቀረሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እትዬ» አለች።

የፍርግርጉን ዝገት በጥፍሬ ፋቅሁ።

«ቅባቱን ከመተኛትሽ በፊት እሺው፣ ጨርቅ ጠምጥሚበት» አለችኝ። ሰዓቱ አለቀ።

ታውቃለች። ከመጀመሪያው አውቃለች። እያወቀች ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች! ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ፍርግርጉን ብትነቀንቅ እኩል እንሆን ነበር። ጥፋቴን እንኳ ከእጄ ወስዳ አሳምራ ያዘችው። ለእሷ ሲሆን እስር ቤትም ያምርባታል።

ዓርብ 8 የጻፍኩት አንድ ውሸት አለ። ድርሻ እንደማይያዝ ያሰብኩት ወደ ቤት ስመለስ አይደለም። የመጀመሪያውን ጨረቃ ከመምታቴ በፊት ነው። ነገሩ እንደማያምር አውቄያለሁ፤ አንድ ቀን ጉድ ቢወጣ ከእሷ ስም ጋር ይውጣ ብያለሁ። በዚያች ሰዓት እንዲህ በቃል አላልኩትም፤ እጄ ግን ብሎታል።

ማክሰኞ 26

ፖስተሮቹን እየላጡ ነው። አንዳንዱ ግማሹ ተልጦ የቀረው ሻርፑ ብቻ ነው።

ከሥራ ስወጣ አስተማሪዋ ጠራችኝ። ቢሮዋ ገብቼ አላውቅም፤ ለስላሳ ወንበር አለው። ፉጨትም ነበር። ሻይ ሰጡኝ።

«እማማ፣ መጀመሪያውንም መመረጥ የነበረብዎ እርስዎ ነበሩ» አለች። «አንደኛ ነዎት። አዲስ ፖስተር እናወጣለን። ለምናሠራው ትምህርት ቤት ምረቃ ንግግሩን እርስዎ ያነባሉ።»

ይህን ቃል ስንት ቀን ጠብቄዋለሁ። ደረቴ ሞቀ። አይ እኔ።

ወረቀቱን ሰጠችኝ። ሦስተኛው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ከመካከላችን አንዲት ሴት እምነት አጉድላ ንብረት ሰርቃለች። እህቴ ብትሆንም ለእውነት እቆማለሁ።»

«በቃል የሚያጠኑት መስሎኝ ነበር፤ እውነት ማንበብ ይችላሉ እንዴ?» አለ ፉጨት፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይቶ። ፊቱ ተለዋወጠ። አስተማሪዋ «አንደኛችን ናቸው እኮ!» አለችው በኩራት። ምን እያለችው እንደሆነ አላወቀችም። እኔ አወቅሁ፤ እሱም አወቀ።

ፉጨት አሳንሰሩ ድረስ ሸኘኝ። «የእህትዎ ልጅ ክሊኒኩ ውስጥ ነው አይደል የምትሠራው?» አለኝ።

እምቢ አላልኩም። ይጻፍ። «ላስብበት» አልኩ። በሩ ላይ ደርሼ ደግሞ «ሻርፑን ላድርገው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ሳህን እያጠበች ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ «አክስቴ፣ እናቴ ስለ አንቺ አንድ ክፉ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አሁን ግን ብትናገር እፈልግ ነበር» አለች። ከዚያ ወዲህ አታናግረኝም።

ሐሙስ 28

ፎቶ ቤት ሄድኩ።

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አልጠየቅሁም። ሻርፑን እህቴ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጣው ነበር።

ፎቶ አንሺው ወሬኛ ነው። አገጬን ቀና እያደረገ «ይህን ሻርፕ አውቀዋለሁ! የዚያች ሴት ታላቅ ነዎት ማለት ነው?» አለ።

«ነኝ።»

«ታዲያ በመጨረሻ አመጡዎት! ያን ቀን እህትዎ እዚህ ሆና ስትለምናቸው ነው የዋለችው። «አንደኛ የወጣችው እህቴ ናት፣ እሷን አምጧት፣ እኔን ንባብ ያንቀኛል» ትላለች። ልጅቷ አስተማሪ ደግሞ «ተነጋግረንበታል፣ የታላቅሽ ፊት ይቆጣል፣ ሰው ያስደነግጣል» አለቻት። ይቅርታ እንግዲህ፣ እሷ ያለችውን ነው።»

«ቀጥል።»

«እህትዎ ምን አለች መሰልዎት? «የሚቆጣ ፊት አይደለም፣ የደከመ ነው። ያደከምኩት እኔ ነኝ» አለች። አለቀሰችብኝ። ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ነው የቀባናት። በሉ አሁን ፈገግ ይበሉልኝ።»

ያን ቀን ዓይኗ ቀልቶ የመጣው ለካ የመብራቱ አልነበረም። እሷ እዚህ ስትለምንልኝ እኔ እዚያ መዶሻ ይዤ ነበር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ማን ለምኚልኝ አላት? የሚለምኑልኝ ሴት ነኝ? ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን እዚህ አልጽፈውም፤ ቃሉን ገና አልተማርኩትም።

«ቆይ፣ ዕቃ ረሳሁ» ብዬ ወጣሁ። ፎቶ አንሺው እስካሁን እየጠበቀኝ ይሆናል።

ቀጥታ አናጢው ጋ ሄድኩ። ሣጥኖቹን ጠየቅሁት።

«ወንበር ነው አሉኝ» አለ፣ መጋዙን ሳያስቀምጥ። «ሠላሳ ዓመት ወንበር ሠርቻለሁ፤ እንደዚያ የሚረዝም እግር ያለው ሰው አላየሁም። ዝም አልኩ። ጡረታዬ ሦስት ወር ነው የቀረው።»

«አሁንስ ዝም ትላለህ?»

መጋዙን አስቀመጠ። «እርስዎ ከሄዱ እከተላለሁ» አለ። ለእህቴ ብሎ ነው። አውቃለሁ። ይሁን።

ቅዳሜ 30

የምጽፈው ጣቢያው ኮሪደር ላይ ነው፣ በእንጨት አግዳሚ ወንበር። አናጢው ከጎኔ ተቀምጦ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ክፍል ሦስት ያለው መርማሪ እስኪጠራኝ ጠብቂ ተብያለሁ።

መርማሪው የማን ሰው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ የሣጥኖቹን ገጽ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጬ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻታለሁ፤ ካልተመለስኩ ለጋዜጣው ትወስደዋለች። ስሰጣት «ሥራሽን ሊያስለቅቁሽ ይችላሉ፣ ክሊኒኩንም ሊዘጉት ይችላሉ» አልኳት። ዳቦ ሻጯን አሰብኩ፤ ፋሻዋ ገና አልተፈታም። የእህቴ ልጅ ግን ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «ጉልበትሽን አሽተሽዋል?» አለችኝ። ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። የእናቷ ልጅ።

ግልባጭ ግን ግልባጭ ነው። ዛሬ ተቀምጬ ልጽፈው እችላለሁ ይሉኛል። የሚያምኑት ቀኑ ከላይ ያለበትን፣ ከፊትም ከኋላም ሌላ ቀን ያለበትን ይህን ደብተር ነው። እሷ ፎቶ ቤት በዋለችበት ዓርብ ሣጥኖቹ እንደወጡ የሚናገር ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም።

ጠዋት ያቺን ቅጠል ልገነጥል መቀስ ይዤ ነበር። ሣጥኖቹ ያሉት ከጀርባዋ ነው፤ ከፊቷ «ዛሬ ብትሞት የማላለቅስ መሰለኝ» አለ። አንዱን ትቼ አንዱን መስጠት አይቻልም። ሌሎቹንም ገጾች አየኋቸው። ሻርፑ፣ ጭብጨባው፣ ሰልፉ። ፖሊሱም፣ ዳኛውም፣ ጋዜጣውም ያነቡታል። ከተማው ሁሉ የእሷን ፊት አየ፤ አሁን ደግሞ የእኔን ሆድ ሊያይ ነው። ፖስተር ካማረኝ ይኸው።

መቀሱን መለስኩት።

በሩ ላይ ያለው ፖሊስ ቅጽ ሰጠኝና የቀለም ሰሌዳውን አስጠጋልኝ። «በጣትዎ ነው አይደል የሚፈርሙት?» አለ። ስሜን ጻፍኩለት። ሙሉውን። ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍል ውጭ የጻፍኩት ነው። አናጢው አንገቱን አስግጎ አየና «የሚያምር ጽሕፈት አለዎት» አለኝ። እህቴን ሳያነሣ።

እዚያው ያስቀሩኝ ይሆናል። ሻርፑን አድርጌ ነው የመጣሁት፤ ስትወጣ እሰጣታለሁ። ብርድ ነው አሉ እዚያ ውስጥ፤ ወይም እኔው እለብሰዋለሁ፣ የእኔ ነው።

አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ይህን ደብተር እሷም ማየቷ አይቀርም። ለብቻዋ አይስጧት። ሰባተኛ ናት፤ ረጅም ቃል ላይ ትሰናከላለች፣ ስትሰናከል ደግሞ ትስቃለች፣ እዚህ ውስጥ የሚያስቅ የለም። ፈቅደው አንድ ላይ ካስቀመጡን እኔው አነብላታለሁ፤ ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ፣ የሰረዝኳትን መስመር ጭምር።

ክፍል ሦስት ተከፈተ። እየጠሩኝ ነው። ልነሣ።